ገበያና ማዘጋጃ ቤት
ስለ ሮቢትና ስለ ቆቦ ሜዳ ከተሞች ንግድ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የአገራችን ከተሞች የተቈረቈሩበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ከቤተ መንግሥት ሥር፣ አንዳንዱ ከደብር አጠገብ፣ አንዳንዱም ከባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተነሥቷል። አዲስ አበባን የመጀመሪያው፣ ላሊበላን ሁለተኛው፣ ድሬዳዋን ሦስተኛው ምክንያት እንዳቆማቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ በቍጥር እጅግ የሚበልጡት ትናንሽ ከተሞች ከገበያ የተወለዱ ናቸው፤ ስማቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። ከጎንደር በስተ ደቡብ ያለችው ማክሰኚት ከማክሰኞ፣ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ያለችው ሐሙሲት ከሐሙስ፣ በሸዋ ቆላ ያለችው ሰንበቴ ከሰንበት ስማቸውን አግኝተዋል። የሮቢትም ስም እንዲሁ ከሮብ ጋራ የተያያዘ ነው። ይህ ስም በሸዋም በራያም ስለሚገኝ፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስላለችው ሮቢት መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የከተማ አስተዳደር የአካባቢው ንግድ እንዲያድግ የሚረዳው በምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ቦታ በመስጠት፣ ብድር በማስገኘትና ሥልጠና በማዘጋጀት ነው የሚል ነው። ይህ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሰን ስናየው ገበያው ከማዘጋጃ ቤቱ በዕድሜ ይበልጣል፤ ማዘጋጃ ቤቱም የሚኖረው ከገበያው በሚሰበስበው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ የከተማው ሹም ከገበያ ከወሰደው ምን ያህሉን ለገበያ መለሰ የሚለው ነው ብለን እናምናለን። ይህን አሳባችንን በአራት ዘመናት ከፍለን እንመለከተዋለን፤ በመጨረሻም ለሮቢት ምን እንደሚበጃት እንናገራለን።

አገሩና ገበያው

የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በኩል ከከፍተኛው ደጋ፣ በምሥራቅ በኩል ከዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ሰፊ ቆላ ነው። ከዞብል ባሻገር የአፋር ምድር ይጀምራል። ሜዳውን ከደጋው የሚወርዱት እነ ጎሊናና ሆርማት ያጠጡታል። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የጎርፉን ውኃ እየጠለፈ ወደ እርሻው ሲያስገባ ኖሯል፤ ዋናው እህሉም ማሽላና ጤፍ ነው።

እንግዲህ ገበያ የሚቆመው የተለያየ ነገር ያላቸው ሰዎች በሚገናኙበት ስፍራ ነው። የደጋው ሰው ገብስ፣ ባቄላና የበግ ሱፍ ይዞ ይወርዳል፤ የሜዳው ሰው ማሽላና ጤፍ፣ በሬና ፍየል ያወጣል፤ የአፋሩም ሰው ግመልና ቅቤ፣ ቀድሞም ጨው ይዞ ይመጣል። በወሎና በሸዋ ከደጋው ግርጌ የሚገኙት ታላላቅ ገበያዎች ሁሉ በዚህ ዓይነት ስፍራ የቆሙ ናቸው። የባቲ የሰኞ ገበያና የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ለዚህ ዋና ምስክሮች ናቸው። የገበያ ቀኖች በየቦታው መለያየታቸውም ከንቱ ልማድ አይደለም። ነጋዴው ዛሬ አንዱ ዘንድ፣ ነገ ሌላው ዘንድ እየተዘዋወረ ሳምንቱን እንዲያዳርስ የሚያደርግ፣ ማንም ሹም ያልጻፈው ሥርዓት ነው።

ገበያው ያለ ሰላም አይቆምም። በራያ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት፣ በሌላውም የወሎ ክፍል አበጋሮች፣ ደም የተቃባውን ሲያስታርቁ የኖሩት ለነፍስ ብቻ ብለው አይደለም፤ ባላጋራ የሚጠባበቅበት መንገድ ለገበያተኛ ዝግ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት የሚባል ሳይታወቅ ገበያው የራሱ ቀን፣ የራሱ ስፍራና የራሱ ሰላም አስከባሪ ነበረው ማለት ነው።

ነጋድራስና ኬላ

በቀድሞው ዘመን መንግሥት ገበያን የሚያውቀው በነጋድራሱና በኬላው ነበር። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ነው። ኬላ ደግሞ በመተላለፊያ በርና በድንበር ላይ የሚቆም የቀረጥ መቀበያ ነው። አንድ የጨው ጭነት ከአፋር ተነሥቶ ወደ ደቡብ እስኪደርስ በየባላባቱ ግዛት ደጋግሞ ይቀረጥ ነበር። አሞሌው ራሱ በብዙ አገር እንደ ገንዘብ ስለሚያገለግል፣ በጨው ላይ የሚጣለው ቀረጥ በንግዱ ሁሉ ላይ የተጣለ ያህል ይሆናል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ቀረጥና ስለ አገር ሀብት የደከሙት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ስለ ነበሩ ነው። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የአገር ሀብት ከሥራ፣ ከዕውቀትና ከንግድ መስፋፋት ጋራ ያለውን ግንኙነት የመረመረ ነው። እኛ ከዚያ ዘመን የምንማረው አንድ ነገር አለ። ኬላ ከነጋዴው ይቀበላል እንጂ ለነጋዴው አይከፍልም፤ ድልድይ አይሠራም፣ ጕድጓድ አይቈፍርም፣ ገበያውን ከፀሐይና ከዝናብ አያስጥልም። የሚገኘው ገንዘብ ወደ ሹሙ ቤት ይሄዳል።

ከዚህ ጋራ የገበሬውን ልማድ ብናስተያየው ልዩነቱ ይገለጣል። ከወንዝ ጠልፎ የሚያጠጣ ገበሬ የቦዩን ደለል ለመጥረግ ጕልበቱን ያዋጣል፤ ተራውንም የሚጠብቀው የውኃ አባት የሚባለው ሰው ነው። እያንዳንዱ ለቦዩ የሚሰጠው ሥራ ተመልሶ በራሱ እርሻ ላይ ውኃ ሆኖ ይፈስለታል። ኬላው ግን ቦዩን ሳይጠርግ ውኃውን እንደሚወስድ ሰው ነው። በ1935 ዓ.ም. በትግራይና በራያ የተነሣው የወያኔ ዐመፅ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ከእነዚህም አንዱ በሹማምንት በደልና በግብር ምክንያት የተከማቸው ቅሬታ ነበር። ሳይመልሱ መውሰድ ከንግድ አልፎ የአገርን ጸጥታ እንደሚያናጋ ከዚህ ይታያል።

መንገዱና ማዘጋጃ ቤቱ

የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ የጣልያን ጦር በዚሁ ሜዳ በኩል ወደ ደሴ ወረደ። ወራሪው ለጦርነቱና ለአገዛዙ ሲል ከአሥመራ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠራ። መንገዱ የተሠራበት አሳብ ክፉ ቢሆንም፣ ከነፃነት በኋላ የሜዳውን ንግድ አቅጣጫ ለወጠው። ቀድሞ ንግዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ይመላለስ ነበር፤ አሁን ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን በጭነት መኪና የሚሄደው ንግድ ተጨመረበት። ጎብየ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ በአንድ ክር ላይ እንደ ተሰካ ዶቃ በመንገዱ ላይ የተሰለፉ ናቸው። ሻይ ቤትና ሆቴል፣ የጎማ መጠገኛና የእህል መጋዘን በዚህ መንገድ ዳር በዙ።

በዚሁ ዘመን ማዘጋጃ ቤት በሕግ ተቋቋመ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ከተሞች በሹም እንዲተዳደሩ መሠረት ጣለ። ቀጥሎም በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በማዘጋጃ ቤት ደረጃ፣ ወደ መቶ የሚጠጉ ሌሎች ከተሞችን ደግሞ ከእነርሱ ዝቅ ባለ ደረጃ አቋቋመ። መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት፣ ጽዳትና የቦታ ምዝገባ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሆኑ፤ ለዚህም ግብርና የአገልግሎት ዋጋ እንዲሰበስብ ተፈቀደለት። በ1955 ዓ.ም. የሜትር መለኪያ በሕግ ሲታወጅ፣ ሚዛንን ማስተካከል የመንግሥት ኀላፊነት መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ከኬላው ጋራ ሲነጻጸር ታላቅ እርምጃ ነው። በሕጉ መሠረት የከተማ ግብር ወደ ከተማው ሥራ ሊመለስ ይገባው ነበርና።

ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ጕድለት ነበረው። በከተማው ምክር ቤት ከመንግሥት ሹማምንት ጋራ የሚቀመጡት ነዋሪዎች በከተማው የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ነበሩ። በገበያ ቀን ሜዳውን የሚሞላው ግን ማን ነው? ከገጠር እህል ጭኖ የመጣ ገበሬ፣ ጉልት ተቀምጣ በርበሬና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ ከዞብል ማዶ ከብት የነዳ አርብቶ አደር ነው። እነዚህ ሁሉ የገበያውን ቀረጥ ይከፍላሉ፤ በከተማው ቤትና ቦታ ስለሌላቸው ግን ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚናገሩበት ወንበር አልነበራቸውም። ከፋዩ ሌላ፣ መካሪው ሌላ ሆነ። ይህ ጕድለት እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ መልክ የቀጠለ ይመስለናል።

የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠ። ረሃብተኛው ከየገጠሩ ወደዚሁ አውራ ጎዳና ወርዶ መኪናዎችን እያስቆመ ምጽዋት ለመነ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረሃብ ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ ሳይንር ብዙ ሕዝብ እንደ ተራበ አሳይቷል። የወሎ ገበሬ ሰብሉ ሲጠፋ የሚገዛበት ገንዘብም አብሮ ጠፋ፤ የአርብቶ አደሩም ከብት ዋጋው ወደቀ። ገንዘብ የሌለው ሰው እህሉን ወደ ራሱ ሊስብ ስለማይችል፣ ከወሎ ወደ ሌላ አገር የተጫነ እህልም ነበር። መንገድ ብቻውን ሕዝብን አይመግብም ማለት ነው። መንገዱ የሚጠቅመው የአካባቢው ሰው የሚሸጠው ነገር፣ የሚሸጥበት ስፍራና ከሽያጩ የሚተርፈው ገንዘብ ሲኖረው ነው። ለዚህ ነው የትንሽ ከተማ ንግድ ጉዳይ ለእኛ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው።

ገበያ በትእዛዝ ሥር

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቤት ኪራይ ተቀነሰ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሱት ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ። ይህ በኪራይ ሱቅ ለሚኖረው ትንሽ ነጋዴ በመጀመሪያ እፎይታ ነበር። ደግሞም ባለቤትነት መለኪያ መሆኑ ቀርቶ፣ ተራው የከተማ ነዋሪ በቀበሌው ስብሰባ ድምፅ አገኘ። የንብረት ባለቤቶች ብቻ ይመክሩበት ለነበረው ከተማ ይህ የማይናቅ ለውጥ ነው።

ዳሩ ግን ከአነስተኛ ኪራይ የሚገኘው ገንዘብ ቤቱን እንኳ ለማደስ ስላልበቃ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች አረጁ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ የችርቻሮን ካፒታል በ200,000 ብር፣ የጅምላን በ300,000 ብር፣ የግል ኢንዱስትሪን በ500,000 ብር ወሰነ። የእህል ንግድ በመንግሥት ድርጅት እጅ ገባ፤ በብዙ አውራጃዎች ገበሬው በኮታና በተቈረጠ ዋጋ እንዲሸጥ ተገደደ፤ በመንገድ ላይም እህል እንዳያልፍ የሚከለክሉ ኬላዎች ቆሙ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ከኖሩበት ዘመን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ኬላ በሌላ ስም ተመለሰ። የቀድሞው ኬላ ቀረጥ ተቀብሎ ያሳልፍ ነበር፤ ይህኛው ግን ማለፍን ራሱን ከለከለ። ትርፍ ያለው አገር ለጐደለው አገር እንዳይሸጥ በመደረጉ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት የገበያ ሥራ ተሰናከለ። ይህ እገዳ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ባወጀ ጊዜ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ ንግድ ለግለ ሰቦች ተከፈተ፤ ክልሎችም ተቋቋሙ። በ1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ሥራዎች ልማት ስልት ወጣ። በአማራ ክልል የብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ በየወረዳው ለገበሬውና ለትንሹ ነጋዴ ማበደር ጀመረ፤ በኋላም በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆነ። የከተማ አስተዳደሮች ወጣቶችን በማኅበር አደራጅተው ሼድ ሰጡ፤ የድንጋይ ንጣፍ ሥራንም የሥራ መፍጠሪያ አደረጉት። በቆቦ ሜዳ ደግሞ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የከርሰ ምድር ውኃ አውጥቶ በመስኖ ማልማትን አስፋፋ። ከዚህ የተነሣ በማሽላና በጤፍ አገር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሽያጭ የሚመረት ሰብል ሆነ።

በሕጉ አሠራር የከተማ ሥራ በሁለት ይከፈላል። ትምህርት፣ ጤናና ይህን የመሳሰለው የመንግሥት ሥራ ተብሎ ከበጀት ይከፈልበታል። መንገድ፣ ገበያ፣ ቄራ፣ መናኸሪያና ጽዳት ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ስለሆኑ ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ መሠራት አለባቸው። ይህም ማለት የትንሽ ከተማ ዕጣ ከገበያዋ ጋራ የተሳሰረ ነው። ገበያዋ ከደከመ ገቢዋ ይደክማል፤ ገቢዋ ከደከመ ገበያዋን የምታሻሽልበት አታገኝም። ደሴና ኮምቦልቻን የመሰሉ ትላልቅ ከተሞች ከቦታ ሊዝና ከፕሮጀክት ብድር ገንዘብ ያገኛሉ። በመንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ግን ይህ ዕድል የላትም፤ የቦታዋ ዋጋ አነስተኛ ነው፣ ትልልቁም ውሳኔ የሚሰጠው በሌላ ከተማ ነው።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ እንደ ገናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦ ሜዳ አለፈ። መንገድ፣ ባንክና ስልክ ተቋረጠ፤ ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም በዚያው ዓመት በክልሉ ውስጥ ሌላ ግጭት ስለ ተነሣ ንግዱ በቶሎ ሊያገግም አልቻለም። ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ ለመነሣት ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚሸጠው ዕቃ፣ የሚያምነው ደንበኛና የሚተማመንበት መንገድ። ብድር የመጀመሪያውን ብቻ ይሰጣል።

ለሮቢት ምን ይበጃታል?

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ታሪክ ተነሥተን አራት አሳቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከገበያ የሚሰበሰበው ገንዘብ በግልጽ ይታወቅ። በየወሩ ከእህል ተራ፣ ከከብት ተራና ከጉልት ምን ያህል እንደ ገባ፣ በምንስ ላይ እንደ ዋለ በገበያው መግቢያ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ደረሰኝ የተቀበለ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ሄደ ሲያይ በሚቀጥለው ሳምንት ሳያጕረመርም ይከፍላል፤ ያላየ ግን ከገበያው ዳር ቆሞ መሸጥን ይመርጣል።

ሁለተኛ፣ ከዚሁ ገንዘብ የተወሰነው እጅ አስቀድሞ ለገበያው ሜዳ ይመደብ። የምንጠይቀው ትልቅ ሕንጻ አይደለም። የውኃ ቧንቧ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የጉልት ነጋዴዎችን ከቆላው ፀሐይ የሚያስጥል ዳስ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ሻጭም ገዢም የሚያምነው ሚዛን፣ ከብት ከሰውና ከመኪና የሚለይበት በረት ይበቃል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚበሰብስ ሸቀጥ ነው። ገበሬው የሚያቆይበት ጥላ ያለው ስፍራ ካጣ፣ አይሱዙ ይዞ የመጣው ነጋዴና ደላላው የተናገሩትን ዋጋ ለመቀበል ይገደዳል። አንድ ቀን ማቆየት የሚያስችል መጋዘን ለእርሱ ከአንድ ሥልጠና ይልቅ ዋጋ አለው።

ሦስተኛ፣ በአውራ ጎዳናውና በገበያው መካከል ያለው ግንኙነት ይታሰብበት። መንገዱ ለከተማይቱ ሲሳይም አደጋም ነው። ሱቁ ሁሉ ወደ አስፋልቱ ተጠግቶ ሲሠራ ገበያው ከኋላ ተረስቶ ይቀራል፤ ሕፃናትና ከብት በመኪና ይገጫሉ፤ መንገደኛውም ሻይ ጠጥቶ ከማለፍ በቀር የአገሩን ምርት አያይም። የጭነት መኪናዎች የሚቆሙበት ስፍራ ከገበያው አጠገብ ቢደረግና ከአስፋልቱ ወደ ገበያው የሚያስገባው መንገድ ቢነጠፍ፣ የሚያልፈው ገንዘብ ጥቂቱ ይቀራል። ለወጣቶች የሚሰጠው ሼድም በዚሁ ስፍራ ቢሆን ሥራቸው ከገዢ ጋራ ይገናኛል፤ ከገበያ የራቀ ሼድ ግን ቍልፍ ተቆልፎበት የሚቀር ቤት ይሆናል።

አራተኛ፣ ከፋዮች ይምከሩ። በ1937 ዓ.ም. ሕግ ላይ የጠቀስነው ጕድለት ዛሬም ሊታረም ይገባዋል። የገበያውን ጉዳይ የሚመክር አንድ ትንሽ ጉባኤ ቢቋቋም፣ በውስጡም የከተማው ነጋዴ ብቻ ሳይሆን የጉልት ሴቶች፣ የገጠሩ ገበሬዎች፣ ከደጋውና ከአፋር በኩል የሚመጡት ገበያተኞች ወኪሎች፣ እንዲሁም የዘወልድ ሽማግሎች ቢገቡ፣ ጠብ ከመነሣቱ በፊት ይሰማል፤ መንገድ ሲዘጋም የሚያስከፍት ሰው ይገኛል። ጦርነት ባለፈበት አገር ይህ ከካፒታል ያነሰ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ትንሽ ከተማ ይህን ሁሉ ለማድረግ ዐቅም የላትም ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ገቢዋ ጥቂት ነው። ነገር ግን የጠቀስናቸው ነገሮች የገንዘብ ብዛት ሳይሆን የቅደም ተከተል ጉዳይ ናቸው። ገንዘቡ መጀመሪያ ለጽሕፈት ቤቱ ወንበርና ለሹሙ ውሎ አበል ከዋለ ለገበያው የሚተርፍ አይኖርም፤ መጀመሪያ ለገበያው ከዋለ ግን ገበያው ራሱ የነገውን ገንዘብ ይወልዳል።

ማጠቃለያ

በአራቱ ዘመናት መንግሥት በገበያ ፊት አራት ዓይነት መልክ ይዞ ቆሟል። በመጀመሪያ ቀረጥ ተቀባይ፣ ቀጥሎ መዝጋቢና ግብር ሰብሳቢ፣ ከዚያም አዛዥ፣ በመጨረሻም ሼድና ብድር አከፋፋይ ሆነ። ከእነዚህ አንዳቸውም የገበያውን ቦይ ጠራጊ መሆንን ዋና ሥራቸው አላደረጉትም። የሜዳው ገበሬ ግን የውኃ አባቱን የሚያከብረው ውኃ ስለ ሰጠው አይደለም፤ ውኃውን የሰጠ ወንዙ ነው። የሚያከብረው ቦዩ እንዳይደፈንና ተራው እንዳይዛነፍ ስለሚጠብቅለት ነው። የከተማ ሹምም ለንግድ ሊሆን የሚገባው ይኸው ነው።

ስለ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ስለ ጎንደርና ስለ ሐረር ንግድ ብዙ ተጽፏል። ስለ ትናንሾቹ የመንገድ ዳር ገበያዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። የኮሌጃችን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ አንድ የገበያ ቀን ሙሉ ተቀምጠው ምን እንደ ገባ፣ ከየት እንደ መጣ፣ በስንት እንደ ተሸጠ፣ ለማዘጋጃ ቤቱም ምን እንደ ተከፈለ ቢመዘግቡ፣ በሚቀጥሉት እትሞች ሮቢትን ከማክሰኚት፣ ሐሙሲትን ከሰንበቴ ጋራ በቍጥር ለማስተያየት እንችላለን። ያን ጊዜ ለከተማ ሹማምንቱ የምናቀርበው አሳብ ብቻ ሳይሆን፣ ሊክዱት የማይችሉት ሒሳብ ይሆናል።